ኬላ ጠባቂው የተጻፈለትን ብቻ ያነባል
በደብረ ማርቆስ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ሁላችሁም በምታውቋት አጭር ንግግር ልጀምር፤ «ሲስተም የለም!» ወረፋ ጠብቃችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ትሰሟታላችሁ። ስትነገር እንደ በረዶ ነው፤ ማንም ያላመጣው፣ ማንም የማይጠየቅበት። አንዳንዴ እውነትም መስመር ተቆርጦ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንድ ቪዲዮ ወይም አንድ አገልግሎት ስትከፍቱ «በአገርዎ አይገኝም» ይላችኋል። ይኼኛው በረዶ አይደለም። አንድ ቦታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ጠያቂው ከእንዲህ ያለ አገር ከሆነ፣ ከበር መልሰው» ብሎ ጽፎታል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጽሑፍ ነው። በእናንተና በምትከፍቱት ገጽ መካከል ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ደንብ ተጽፏል፤ ደንቡን ማንበብም መጻፍም ይቻላል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከዚህ አዳራሽ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጀን ላይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ መውጣትን የማያውቅ እዚህ የለም። አዲሱ ድልድይ ተመርቆ መሻገሪያው ቢቀናም ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን ዛሬም እንደነበረ ነው። የምትከፍቱት ድረ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ የተቀመጠው ከአዲስ አበባም አልፎ፣ ሰርቨር በሚባል ማሽን ላይ ነው። ፍራንክፈርት ነው እንበል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ጥያቄያችሁ በምድር ፋይበር እንደ ጅቡቲ ወዳለ ጎረቤት ይወጣል፤ ከዚያ ከባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይሻገራል።

በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደብረ ማርቆስ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ 10,000 ይሆናል፤ ብርሃን ራሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊጨርሰው አይችልም። የሰከንድ አንድ ሃያኛ መሆኑ ነው። «ይቺማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ኮምፒውተርም እንደ ጎጃም ሰው ሳይሳለም ወደ ጉዳዩ አይገባም። አንዱ ምልልስ ለሰላምታ ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው እንዳያዳምጥ ቁልፍ ለመለዋወጥ ነው። ሦስተኛው ላይ ነው «ገጹን ስጠኝ» የሚለው። ገና አንድ ፊደል ሳይመጣ 150 ሚሊሰከንድ አለቀ። ገጹ ሲመጣ ደግሞ ዓርማ፣ ፎቶ፣ የፊደል ቅርጽ፣ ሌላም ሌላም እየጠየቀ ነው። መስመሩ ሲጨናነቅ፣ የሞባይሉ ኔትወርክ ሲዋዥቅ፣ ያቺ ኢምንት ትባዛለች። እናንተም ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ መስኮት ትሄዳላችሁ።

ይህን ችግር ቀድመው ከተናገሩት አንዱ ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ድረ ገጽን የፈጠረው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካው ኤምአይቲ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ መረቡ እንደሚታነቅ ለባልደረቦቹ ነግሮ መላ እንዲፈልጉ ጠየቀ። ቶም ሌይተን የተባለ የሒሳብ ሊቅና ዳንኤል ሌዊን የተባለ ተማሪው መላውን ይዘው ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አካማይ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሌዊን እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ላይ ከተከሰከሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ተሳፋሪዎች አንዱ ነበር። ሐሳቡ ግን በየሀገሩ ተዘርግቶ ዛሬ ክላውድፍሌር፣ ፋስትሊ፣ የአማዞኑ ክላውድፍሮንት እየተባለ በብዙ ስም ይሸጣል። ባለሙያዎቹ ሲዲኤን ይሉታል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው የይዘት ማድረሻ መረብ ነው።

ሐሳቡ የገበሬ ሐሳብ ነው። እህል ለየማዕዱ ከአውድማ አይጫንም፤ ጎተራ አለ። የገጹ ቅጂ በየከተማው ባለ ማሽን ይቀመጣል፤ ጠያቂው የሚያገኘው ቅርቡን ነው። ቅጂው ፍራንክፈርት በመሆን ፈንታ አዲስ አበባ ቢቀመጥ፣ ያ የ50 ሚሊሰከንድ ደርሶ መልስ ወደ 3 ይወርዳል።

ጎተራ ቢሠሩም ታዲያ ጥያቄው አያልቅም። የትኛው እህል ይግባ? ለስንት ጊዜ ይቀመጥ? ማን ይውሰድ? የትኛውስ ፈጽሞ ጎተራ መግባት የለበትም? ኬላው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኬላ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ የጁቤ አካባቢ፣ ባሶ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ ከሩቅ የሚሰማ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንዲያም ሲል ባሪያ የሚነዱ ነጋዴዎች ይመጡ ነበር፤ ከወዲህ አሞሌ ጨው ይሄዳል። በየመንገዱም ኬላ ነበር። ኬላ ጠባቂው ቅፍለቱን አስቁሞ ይጠይቃል፦ ከየት ነህ? የማን ነህ? ምን ጭነሃል? መልሱን ሰምቶ ያሳልፋል፣ ይቀርጣል፣ ወይም ይመልሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ጠባቂው መሐል ላይ የሚያደርገውን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የዛሬው ኬላ ጠባቂ ቅጂው የተቀመጠበት ያው ማሽን ነው። ጉቦ አይበላም፤ ይህ መልካም ነው። ግን ፊት አይቶ አያዝንም፣ «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ይሆናል» ብሎ አይገምትም። የተጻፈለትን ብቻ ያነባል። በቀረው ጊዜዬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ነገር የሚመዘዝ ነው።

ሁኔታና ተግባር

ስልካችሁ ገጽ ሲጠይቅ የሚልከው ጥያቄ የጭነት ደብዳቤ ይመስላል። መጀመሪያ ግሡ አለ፦ «ስጠኝ» ነው ወይስ «ይኸውልህ ተቀበለኝ»? ቀጥሎ የሚፈልገው ገጽ መንገድ። ከመንገዱ ኋላ የጥያቄ ምልክት ኖሮ ተጨማሪ ነገር ሊከተል ይችላል፤ የምዝገባ ቁጥር ወይም የፍለጋ ቃል። ከዚያ ላኪው ስለ ራሱ የሚናገረው፦ ስልክ ነኝ፣ ላፕቶፕ ነኝ፣ አማርኛ እመርጣለሁ። ቀድሞ የገባ ሰው ከሆነ ኩኪ የሚባል የይለፍ ወረቀት ይይዛል። በመጨረሻም የመጣበት የኢንተርኔት አድራሻ አለ፤ ከእርሱ አገሩ ይገመታል።

ደንብ ማለት ከእነዚህ አንዱን ወይም ብዙውን አይቶ የሚወሰን ነገር ነው። ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው ሁኔታ ነው፦ «እንዲህ ከሆነ»። ሁለተኛው ተግባር ነው፦ «እንዲህ አድርግ»። ሁኔታው «መንገዱ በዚህ የሚጀምር»፣ «ስሙ በዚህ የሚያልቅ»፣ «ይህን ቃል የያዘ»፣ «ከዚህ አገር ያልሆነ» እያለ ይጻፋል። ተግባሩ ደግሞ «ከጎተራ ስጥ»፣ «ቅጂውን ለአንድ ሰዓት አቆይ»፣ «ወደ ሌላ ገጽ ምራ»፣ «ዋናውን ሰርቨር ጠይቅ»፣ «ከበር መልስ» ይላል። የማሽኑ መልስ በቁጥር ይመጣል። 200 ሲል እነሆ ማለቱ ነው። 301 ለዘለቄታው ቦታ ለውጧል፣ 302 ለጊዜው ወዲያ ሂድ፣ 403 ተከልክሏል፣ 404 አላገኘሁም፣ 429 አበዛኸው፣ 503 አሁን አልችልም። ከእንግዲህ ስልካችሁ 404 ሲላችሁ ስልኩን አትምቱት፤ ኬላው አነጋግሯችኋል።

እስካሁን ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው የሰው ቋንቋና የማሽን ቋንቋ በሚለያዩበት ቦታ ነው። በሩ ላይ «መምህራንና ተማሪዎች ይግቡ» ብላችሁ ብትለጥፉ ሁሉም ይገባዋል። ማሽኑ ዘንድ ግን «እና» ማለት ሁለቱም በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ መምህርም ተማሪም የሆነ ሰው ካልመጣ ማንንም አያስገባም። ልትሉት የፈለጋችሁት «መምህር ወይም ተማሪ ከሆነ» ነበር። ጀማሪ ደንብ ጻፊ መጀመሪያ የሚወድቀው በዚች በአንዲት «ና» ነው።

ፊደላችንም የራሱ ፈተና አለው። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በተለመደው አላላክ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄ ወይም ቁጥር ይተካል። ስለዚህ «ውጤት» ብላችሁ በአማርኛ የሰየማችሁት መንገድ ኬላው ጋ ሲደርስ 27 ምልክት ያለው ሰንሰለት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ደንባችሁ የሚጠብቀው ሦስት ፊደል ከሆነና አገልግሎቱ ሰንሰለቱን ፈትቶ የማያነብ ከሆነ፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። የሞክሼ ፊደላትም ጉዳይ አለ። ፀሐይን በፀ ወይስ በጸ? በሐ፣ በሀ ወይስ በኀ? በሁለት ፊደል ብቻ 6 አጻጻፍ ወጣ። እኛ ስድስቱንም አንድ ብለን እናነባለን፤ ማሽኑ ስድስት ልዩ ልዩ እንግዶች ያያል። የቅኔ ተማሪ አንዱን ቃል ለሁለት ይፈታል፤ ይህ ጠባቂ ግን ሰሙን እንጂ ወርቁን ፈጽሞ አያገኝም።

900,000 ሰው በአንድ ቀን

አሁን ሁላችንንም የሚነካ ምሳሌ እንውሰድ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ስለ ትምህርት ጥራቱ ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው ሌላ ነው፤ ወደ 900,000 ተማሪ፣ ከእናቱ፣ ከአባቱና ከጎረቤቱ ጋር፣ በአንድ ቀን በአንድ በር ላይ ሲቆም በሩ ምን ይሆናል?

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። የውጤት መመልከቻ ገጹ ከነዓርማው፣ ከነፎቶው፣ ከነጌጡ 1 ሜጋባይት ነው እንበል። 900,000 ሰው አንድ አንድ ጊዜ ቢከፍተው 900 ጊጋባይት ነው። ከዚያ ውስጥ የተማሪው የራሱ የሆነው፣ ስሙና ነጥቡ፣ 2 ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ የሁሉም ተማሪ ተደምሮ 1.8 ጊጋባይት። ልዩነቱን አያችሁት? ዋናውን ሰርቨር የሚያንቀው ሸክም አብዛኛው ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው ዓርማና ጌጥ ነው። እርሱን ኬላው ከጎተራ ቢሰጥ ለዋናው ሰርቨር የሚቀረው ሥራ ከ500 እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል።

ስለዚህ ደንብ ጻፊ ብዕር ከማንሣቱ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር የሁሉ ነው ወይስ የአንድ ሰው? ዓርማው የሁሉ ነው፤ ለ30 ቀን ይቀመጥ። የመግለጫው ጽሑፍ የሁሉ ነው፤ ሊታረም ስለሚችል ግን ለ5 ደቂቃ ይቀመጥ። የአበበ ውጤት የአበበ ነው፤ ጎተራ አይገባም፤ ሁልጊዜ ከዋናው ሰርቨር ይጠየቅ። ይህን ለይቶ የያዘ ሰው ከሥራው ግማሹን ጨርሷል። ቀሪው ግማሽ ግን ወጥመድ አለበት፤ ሦስቱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ወጥመድ ያለው በጥያቄ ምልክቱ ላይ ነው። ኬላው ቅጂ ሲያስቀምጥ ስም ይለጥፍበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚለጥፈው የገጹን መንገድ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ካለው ጋር ነው። ጎተራው በትንሽ በትንሹ በሚለያዩ ቅጂዎች እንዳይሞላ «ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን አትቁጠር» የሚል ደንብ ይጻፋል። ለዜና ገጽ መልካም ደንብ ነው። የተማሪው የምዝገባ ቁጥር የሚገባው ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ከሆነስ? የመጀመሪያዋ ተማሪ ትጠይቃለች፣ ውጤቷ ይመጣል፣ ኬላው «ውጤት» ብሎ ስም ለጥፎ ያስቀምጠዋል። ቀጣዩ ተማሪ በራሱ ቁጥር ይጠይቃል። ኬላው ቁጥሩን አይቆጥርም፤ «ውጤት? አለኝ» ብሎ የእርሷን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የአንዲት ልጅ ነጥብ ያያል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልሰበረም። ደንቡ የተጻፈውን ሠራ።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 2015፣ የፈረንጆች ገና ዕለት፣ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ ጥቃት ደርሶበት ጫናውን ለመቀነስ የቅጂ ደንቡን በጥድፊያ አስለወጠ። አዲሱ ደንብ ገብተው የተቀመጡ ደንበኞችን ገጽ ጭምር ጎተራ አስገባ። ሰዎች ሱቁን ሲከፍቱ የሌላ ሰው የግዢ ዝርዝርና አድራሻ ያዩ ጀመር። ኩባንያው እንደገለጸው ወደ 34,000 የሚጠጉ ደንበኞች መረጃ በዚህ ተነካ። በሩን ከሌባ ለመጠበቅ ሲጣደፉ የቤተሰቡን ምስጢር አደባባይ አሰጡት።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ደንብ አለን እንበል። አንዱ «ስሙ በፒዲኤፍ የሚያልቅ ፋይል ከሆነ ለ30 ቀን አስቀምጥ» ይላል። ሌላው «መንገዱ በውጤት የሚጀምር ከሆነ ቅጂ አታስቀምጥ» ይላል። ሁለቱም ለየብቻቸው ልክ ናቸው። አንድ ቀን ተማሪው የውጤት ወረቀቱን በፒዲኤፍ ያውርድ ተባለ። ጥያቄው ለሁለቱም ደንብ ይስማማል፤ የትኛው ያሸንፍ? አንዳንዱ አገልግሎት ከላይ ወደ ታች አንብቦ የመጀመሪያው የተስማማው ላይ ይቆማል፤ ክላውድፍሮንት እንዲህ ነው። ሌላው እስከ መጨረሻ ወርዶ የኋለኛው የፊተኛውን እንዲሽር ያደርጋል። የምትጠቀሙበት አገልግሎት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ደንብ አትጻፉ። ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ የግሉን የሚጠብቀውን ደንብ በሚያሸንፍበት ቦታ አስቀምጡት።

ከሁሉ በታች፣ የትኛውም ደንብ ላልያዘው ጥያቄ፣ ማረፊያ ደንብ አለ፤ «ሌላው ሁሉ» የሚለው። ብዙ ሰው የላዮቹን ሲያሳምር ይህን ይረሳዋል። እኔ መጀመሪያ የምጽፈው እርሱን ነው፦ ያላወቅኸውን ጎተራ አታስገባ፤ ዋናውን ጠይቅ። ሳላስብ የቀረሁት ነገር ቢኖር ገጹ ይዘገያል እንጂ የሰው ገበና አይወጣም።

ሦስተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው፤ በዚህ እኔው ራሴ ወድቄያለሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ገጽ ደንብ ስጽፍ፣ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚታየው «ውጤት ገና አልወጣም» የሚለው ገጽ የሁሉ ነው ብዬ ለ24 ሰዓት አስቀመጥኩት። እውነትም የሁሉ ነበር። ውጤቱ ጠዋት ወጣ። ከቀትር በፊት ስልኬ ጮኸ፤ አንድ አባት ነበሩ። «ልጄ፣ የጎረቤቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ወጥቷል ይለኛል፤ እዚህ ግን አልወጣም ይላል። የእኛ ልጆች ብቻ ቀሩ እንዴ?» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ያገኘው ሌላ ቅጂ ነበር። የእርሳቸው ቅጂ ዕድሜው እስኪያልቅ ትናንት የተባለውን ይደግማል። ትዕዛዝ ሰጥቼ ቅጂውን ከየኬላው ለማስጠረግ የፈጀብኝ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የእኚያ አባት «የእኛ ልጆች ብቻ ቀሩ እንዴ?» ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ «ገና ነው» የሚል መልስ ከአንድ ደቂቃ በላይ አላስቀምጥም።

301 እና 302 ላይም ያው የጊዜ ነገር አለ። ለሳምንት ብቻ ሌላ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ልታሳዩ ፈልጋችሁ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» የሚለውን 301 ብትሰጡ፣ የሰዎቹ ብራውዘር ያምናችኋል፤ በልቡ ይይዘዋል። እናንተ ደንቡን ሰርዛችሁ ብትመልሱትም እርሱ ሳይጠይቃችሁ ወደ ወዲያኛው ይሄዳል። ለጊዜው ከሆነ ለጊዜው በሉ።

ማንን እየዘጋን ነው?

እስካሁን ስለሚሰጥ ነገር ተናገርኩ፤ ስለሚከለከለው ደግሞ ጥቂት ልበል። ጫና ሲበዛ ሁሉም የሚያስበው ደንብ «ከአንድ አድራሻ በደቂቃ ከ10 ጊዜ በላይ የሚጠይቀውን 429 ብለህ መልስ» የሚለው ነው። አጥቂ ለመከላከል ተገቢ ነው። ግን እንዲህ ባለ ከተማ ያስኬዳል? 40 ተማሪ የሚገለገልበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ከውጭ ሲታይ ብዙ ጊዜ አንድ አድራሻ ብቻ ነው። የሞባይል ኩባንያዎችም ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሳልፋሉ። ኬላው 40 ልጅ አያይም፤ አንድ አስቸጋሪ ሰው ያያል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር ባለበት አገር የተለካ ደንብ እዚህ ሲመጣ ክፍሉን በሙሉ ይዘጋል። ወሰኑን የምትለኩት ከሕዝቡ አኗኗር ተነሥታችሁ መሆን አለበት።

የአገር ደንብም እንዲሁ ነው። «ይህ የኢትዮጵያውያን ገጽ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ውጭ የመጣውን መልስ» ማለት አገር ወዳድነት ይመስላል። ዋሽንግተን ሆና የወንድሟን ውጤት የምትጠባበቅ እህት ግን በሩ ተዘጋባት። መነሻ አድራሻን በሌላ አገር አድራሻ የሚሸፍነውን ቪፒኤን ከፍቶ ደብረ ማርቆስ የተቀመጠውም ሰው ኬላው ጋ ሲደርስ ሆላንዳዊ ሊሆን ይችላል። አገር ላኪው የሚናገረው ሳይሆን ከአድራሻው የሚገመት መሆኑን አትርሱ።

አንዲት መስመር ዓለምን ስታቆም

ደንብ ማንበብም መጻፍም ይቻላል ስላልኩ ቀላል የመሰለው ካለ ሁለት ነገር ልንገር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2 ቀን 2019 ክላውድፍሌር ጥቃትን የሚለይ አዲስ ደንብ ለቀቀ። ደንቡ ውስጥ ያለችው የማዛመጃ ሐረግ «የፈለገው ይሁን፣ ከዚያም የፈለገው ይሁን» ዓይነት ድግግሞሽ ነበረባት። ማሽኖቹ ጥያቄውን ከሐረጉ ጋር ለማዛመድ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ሲሞክሩ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ እንደገና ሲሞክሩ አቅማቸው አለቀ። ደንቡ በዓለም ላሉት ኬላዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነበር የተለቀቀው። ለ27 ደቂቃ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ስሕተት ብቻ መለሱ። ጠላት አልነበረም፤ ሐረግ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 8 ቀን 2021 ደግሞ የፋስትሊ አንድ ደንበኛ ቅንብሩን ለወጠ፤ ለውጡ የተፈቀደና ትክክለኛ ነበር። ቀደም ሲል በሶፍትዌሩ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ጉድለት ግን በዚያ ለውጥ ተቀሰቀሰ፤ ከመረቡ 85 በመቶው ስሕተት መመለስ ጀመረ። ቢቢሲ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ፣ የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ አብረው ወደቁ። በ49 ደቂቃ ውስጥ 95 በመቶው ተመለሰ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የሚከተለው ነው። አዲስ ደንብ መጀመሪያ በአንድ ኬላ ላይ ይሞከር፤ ከዚያ ይስፋ። የቀድሞው ደንብ በአንድ ትእዛዝ ሊመለስ በሚችልበት ሁኔታ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ይሥፈር። ምክንያቱ ያልተጻፈ ደንብ ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም ለመሰረዝ አይደፍርም፤ የሚጠብቀው ነገር ከጠፋ በኋላም በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይመልሳል።

ደንብ የማይችለው

ሐቁን ሳልናገር ብወርድ አታምኑኝም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የትኛውም ጎተራ፣ የትኛውም ደንብ ምንም አልፈየደንም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ ቅጂው እስከ ጓሮ ቢቀርብ መቅጃው ሲወሰድ ያው ጥም ነው። የዛሬው ትምህርቴ መስመር ሲኖር ስለሚሠራ ሙያ ነው።

መስመር ሲኖር ግን ሙያው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ትላልቆቹን ማሽኖች እኛ አንገዛቸውም፤ ፍራንክፈርትንም ወደ ደጀን አናመጣም። ደንብ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን ላፕቶፕ፣ የተረጋጋ ልብና አጥርቶ የማሰብ ልማድ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የሸማቾች ማኅበር ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ አሁን በኬላችሁ ላይ የሚሠራው ደንብ ማን እንደጻፈው ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ሲገዛ አብሮ የመጣ» ነው። አብሮ የመጣው ደንብ አንድ አድራሻ አንድ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ ሞክሼ ፊደል አያውቅም፤ የምዝገባ ቁጥራችሁ የት እንደሚገባ አልጠየቀም።

ስለዚህ ለዛሬ ምሽት የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ኮምፒውተር አያሻውም። አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፉ። በአንዱ ወገን «የሁሉ»፣ በሌላው «የአንድ ሰው» ብላችሁ ጻፉ። የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ገጾች አንድ በአንድ በየወገናቸው አስቀምጡ። የት እንደምታስገቡት የምታመነቱበት ገጽ ይኖራል። ያን ጊዜ ቸኩላችሁ አትወስኑ፤ «የአንድ ሰው» ከሚለው ወገን አሳድሩት። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ድረ ገጻችሁን ለሚያስተዳድረው ልጅ ስጡትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «የመጨረሻው ደንብ ምን ይላል?» ካላወቀ አትቆጡት፤ አብራችሁት ቁጭ በሉና አንብቡት።